ከመላው ፊት ወደ አንዲት ጉድጓድ፦ ጥልቅ የብጉር ጠባሳን በአሲድ የማከም ታሪክ

ለሕይወት ከማያሰጉ የቆዳ ችግሮች መካከል ጥልቅ የብጉር ጠባሳን ያህል የሐኪሞችን ትዕግሥት የፈተነ ጥቂት ነው። ብጉር የሚነሳው የቆዳ ወዝ የሚወጣበት ቀዳዳ በሞቱ ሕዋሳትና በራሱ በወዙ ሲደፈን፣ በውስጡም ባክቴሪያ ሲራባ ነው፤ ብግነቱ ቀላል ከሆነ ቆዳው ምልክት ሳይተው ይድናል፣ ወደ ታች ጠልቆ ደርሚስ የተባለውን የውስጠኛውን የቆዳ ክፍል ከጎዳ ግን ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በዚያ ስፍራ ስለሚጎድል ላዩ ሰርጎድ ብሎ ይቀራል። ኬሚካል ፒሊንግ በመባል የታወቀው ሕክምና በበኩሉ መጠኑ ተለክቶ በተዘጋጀ አሲድ የቆዳን የላይኛውን ክፍል ሆን ብሎ በማቃጠል፣ አሮጌው ተልጦ ከሥሩ አዲስ ቆዳ እንዲተካ የማድረግ ዘዴ ነው። ዘዴው ለጥልቅ ጠባሳ ይዋል በተባለ ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ አሲዱ ጠባሳው እስከ ደረሰበት ጥልቀት ይውረድ ከተባለ በጠባሳና በጠባሳ መካከል ያለው ጤነኛ ቆዳ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ የሚባል መልስ እስኪገኝ ድረስ ከ1903 እስከ 2002 መቶ ዓመት ያህል አልፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የሙያው መጻሕፍት ታሪኩን ከጥንታዊት ግብፅ መጀመር ይወዳሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመተውና አሜሪካዊው የግብፅ ታሪክ ሊቅ ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ ተርጉሞ በ1930 ያሳተመው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ፣ ሽማግሌን ወጣት ያደርጋል የተባለ የቅባት አዘገጃጀት በጀርባው መያዙ እውነት ነው፤ ክሊዮፓትራ በጎመዘዘ ወተት ገላዋን ትታጠብ ነበር የሚለው ትረካ ግን ከአፈ ታሪክ የሚመደብ ነው። ወተትን የሚያጎመዝዘው ላክቲክ አሲድ ዛሬም በቆዳ ሕክምና ስለሚያገለግል ትረካው ለአፍ ይጥማል፣ ነገር ግን በወተት ውስጥ ያለው መጠን ከላይ ካለው የሞተ ገለፈት አልፎ የሚወርድ አይደለም። ስለ ጥልቅ ጠባሳ የሚነገር ታሪክ ሊጀምር የሚችለው ብርቱ አሲዶች በንጹሕ መልካቸው ተለይተው መመረት ከጀመሩበት ከ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

ፌኖል፣ በቀድሞ ስሙ ካርቦሊክ አሲድ፣ በ1834 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የለየው ውሕድ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ዱማ የሆምጣጤን አሲድ ከክሎሪን ጋር በማዋሐድ ሐኪሞች ባጭሩ ቲሲኤ የሚሉትን ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አገኘ። ሁለቱም ለፊት ታስበው የተገኙ አይደሉም፤ ዱማ ይመረምር የነበረው አንድ ንጥረ ነገር በሌላው ቦታ ገብቶ ውሕድ መሥራት መቻሉን ነበር፣ ፌኖልም ስሙ የገነነው ጆሴፍ ሊስተር በ1865 በግላስጎው የቁስልን መመርቀዝ ለመከላከል ከተጠቀመበት በኋላ ነው። ፌኖል ቆዳን የማንጣትና የመላጥ ጠባዩ ለቀዶ ሐኪሞች ችግር፣ ለቆዳ ሐኪሞች ግን መሣሪያ ሆነ። በቪየና ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ፌኖልን፣ ናይትሪክ አሲድንና የክሮቶን ዘይትን ለማድያትና መሰል ጥቁረቶች ሞከረ፤ በ1871 እንግሊዛዊው ዊልያም ቲልበሪ ፎክስ 20 በመቶ ፌኖል ያለበትን ፈሳሽ ቆዳን ለማቅላት ተጠቀመ፤ በ1882 ደግሞ የሃምቡርጉ ፖል ጌርሶን ኡና ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሪዞርሲኖል፣ ፌኖልና ቲሲኤ በቆዳ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ገለጸ። ዛሬ በቆዳ ሐኪሞች መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት የመላጫ ፈሳሾች ብዙዎቹ በኡና ዘመን የታወቁ መሆናቸው፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ከአሲዱ ይልቅ አጠቃቀሙ መሆኑን ያሳያል።

ከእነዚህ ሐኪሞች አብዛኞቹ ያተኮሩት በቆዳ ቀለም ላይ ነበር። ጠባሳን ዋና ዒላማ ያደረገው በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሚለር ማኪ ሲሆን፣ ፌኖልን ለብጉር ጠባሳ መጠቀም የጀመረው በ1903 ነው። የሚደንቀው ግን የሥራውን ውጤት ከፍሎሬንቲን ካርፕ ጋር ሆኖ በብሪታኒያ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው በ1952፣ ማለትም ግማሽ መቶ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። ይኸው ሰው በ1921 ስለ ኤክስሬይና ራዲየም የቆዳ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የሙያው ዋቢ ሆኖ መቆየቱም መታወስ አለበት፤ በዚያ ዘመን የወጣቶች ብጉር በኤክስሬይ ጨረር ይታከም ነበርና፣ ከታከሙት አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ በታይሮይድና በቆዳ ካንሰር ተይዘዋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ አሲዱ፣ አስፈሪ ቢመስልም፣ ከሁለቱ የተሻለው ምርጫ ነበር።

ማኪ ዝም ባለባቸው ዓመታት ዕውቀቱ በሐኪሞች እጅ ብቻ አልቆየም። የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ላ ጋሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በባሩድ የተቃጠለ ወታደሮችን በፌኖል ያክም ነበር፤ ልጁ አንቷኔትም የአባቷን ዘዴ ይዛ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረች። በዚያች የፊልም ከተማ፣ ኋላም በማያሚ፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ነገር ግን በዚህ ሥራ እጅግ የሠለጠኑ ቆዳ ላጮች ተነሡ፤ ፊትን በፌኖል ቀብተው በፕላስተር ይሸፍናሉ፣ ደንበኛው ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑም ተከድኖ ቀናት ካሳለፈ በኋላ ፕላስተሩን ያነሡለታል፣ በሥሩም ቀይና ለስላሳ ቆዳ ይገኛል። ፈሳሹ ከምን እንደሚቀመም አይነገርም ነበር፤ ቅመማው የሚተላለፈው ለልጅ፣ ለረዳት ወይም ዋጋውን ለከፈለ ሰው ብቻ ነበር። ከነዚህ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ያስገኙት ውጤት በጊዜው ከነበሩት ሐኪሞች የተሻለ እንደ ነበር ኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው አምነዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በምስጢር በተያዘበት ስፍራ ስንቱ እንደ ዳነና ስንቱ እንደ ተጎዳ የሚመዘግብ ስለማይኖር፣ የደረሰው ጉዳት ልኩ በውል የሚታወቅ አልሆነም።

ምስጢሩ ወደ ሕክምና መጽሔት የገባው በማያሚ በኩል ነው። ቶማስ ቤከርና ሃዋርድ ጎርደን የተባሉ ሁለት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች በቆዳ ላጮች የታከሙ ሰዎችን ፊት ካዩ በኋላ ነገሩን ተከታትለው በ1961 የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን በፍሎሪዳ የሕክምና መጽሔት አወጡ፤ በተከታዩ ዓመት የታወቀው የቤከር ቅመማም 3 ሚሊሊትር 88 በመቶ ፌኖል፣ 2 ሚሊሊትር ውኃ፣ 8 ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና 3 ጠብታ የክሮቶን ዘይት የያዘ ነበር። ይህ ቅመማ ለአርባ ዓመት ያህል የጥልቅ ልጣጭ መለኪያ ሆኖ ኖረ። በቅመማው ላይ የተሰጠው ማብራሪያ ግን የተሳሳተ ነበር። ሐኪሞቹ ያምኑ የነበረው ፌኖል በብዛት ሲሆን የቆዳውን ፕሮቲን ወዲያው አርግቶ ራሱን መንገድ እንደሚዘጋ፣ በውኃ ሲቀጥን ግን ወደ ታች እንደሚሰርግ ሲሆን፣ የክሮቶን ዘይቱን እንደ ረዳት ብቻ ይቆጥሩት ነበር። በ2000 የላስ ቬጋሱ ግሪጎሪ ሄተር የቆዳ ላጮቹን የቆዩ ቅመማዎች ጭምር መርምሮ ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ጥልቀቱን በዋናነት የሚወስነው ከሁለት በመቶ ጥቂት የሚበልጠው የክሮቶን ዘይት መሆኑን አሳየ፤ ዘይቱን በማሳነስም ልጣጩን እንደ ፊቱ ክፍል ቀለል ወይም ጠለቅ ማድረግ ተቻለ። አርባ ዓመት ሙሉ ሦስቷን ጠብታ ከቁብ ሳይቆጥሩ መቀባታቸው፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ላጮች በልምድ ያወቁትን የተማሩት ሐኪሞች ሳይመረምሩ መቀበላቸውን የሚያሳይ ነው።

ይህ ዘይት የሚገኝበት የዕፅዋት ወገን ለኢትዮጵያ አንባቢ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ዘይቱ የሚጨመቀው በእስያ ከሚበቅለው ክሮቶን ቲግሊየም ከተባለ ተክል ፍሬ ሲሆን፣ ቀድሞ የሚታወቀው በብርቱ አስቀማጭነቱ ነበር፤ በኢትዮጵያ በየማሳው ዳርና በየጫካው ጠርዝ የሚታየው ብሳናም የዚሁ የክሮቶን ወገን ዛፍ ነው፣ በባህል ሕክምናም የቅጠሉ ጭማቂ ለጭርትና ለቁስል ሲያገለግል ኖሯል። ዝምድናው የዕፅዋት ዝምድና እንጂ የመድኃኒት ዝምድና ስላልሆነ ግን ብሳናን ለፊት ጠባሳ ለመቀባት ምክንያት አይሆንም።

ፌኖል ሌላም ዕዳ ነበረበት። በቆዳ ሰርጎ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ከተቀባ የልብን ምት ያዛባል፤ ይህ በ1979 በልብ መመርመሪያ መሣሪያ ታይቶ ከተዘገበ ወዲህ ሐኪሞች ፊትን በየክፍሉ ከፋፍለው፣ በየመካከሉ ደቂቃዎችን እየጠበቁ፣ ለታካሚውም በደም ሥር ፈሳሽ እየሰጡና የልቡን ምት እየተከታተሉ መሥራት ያዙ። ጥንቃቄው ቢደረግም ስጋቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በእስራኤል ማሪና ላንዳው በ2007 ባወጣችው ጥናት በጥልቅ ልጣጭ ከታከሙ 181 ሰዎች በ12ቱ ላይ የልብ ምት መዛባት ተመዝግቧል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፌኖል የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት አቅም ስለሚያዳክም የተላጠው ፊት ለዘለቄታው ገርጥቶ ሊቀር ይችላል። ለነጭ ቆዳ ይህ በአንገትና በአገጭ መካከል የሚታይ የቀለም ድንበር ነው፣ በሜካፕም ይሸፈናል፤ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ግን አንዱን ጠባሳ በሌላ ጠባሳ መለወጥ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ጉልህ ጉድለት ያሳያል። ከሄብራ እስከ ቤከር የተደረገው ሙከራ በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚጠቀሰው እንዳይነካ ከሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ጋር ነበር። ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ የሚመደብበትን የታወቀ ሥርዓት የሃርቫርዱ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ሲያወጣ፣ ዓላማው የብርሃን ሕክምናን መጠን ለመወሰን ስለ ነበረ መጀመሪያ የያዘው አራት ደረጃዎችን ብቻ ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ማለትም አብዛኛው የአፍሪካ ሕዝብ የሚገኝባቸው ደረጃዎች፣ የተጨመሩት ኋላ ነው። ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን የተባለውን ቀለም አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ ያለ ዝግጅት የተደረገ ልጣጭ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ብጉር ላይ ሎሚ የመቀባት የተለመደ ልማድ የሚያስከትለውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሎሚ ጭማቂ አሲድ ከመሆኑ ሌላ በፀሐይ ብርሃን ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለበትና፣ ጠባሳው ሳይሞላ ፊቱ ይጠቁራል።

ከፌኖል ለመራቅ የተደረገው ጉዞ ወደ ቲሲኤ መለሰ። ሳሙኤል ሞናሽ በ1945 ቲሲኤን በማቅጠን የመጠቀምን ነገር ጽፎ የነበረ ሲሆን፣ አሲዱ የተወደደበት ምክንያት ወደ ደም ገብቶ አካልን አለመመረዙና ሥራውን በዓይን ማየት መቻሉ ነው፤ የቆዳውን ፕሮቲን ሲያረጋው ፊቱ ውርጭ የወረደበት መስሎ ይነጣል፣ የንጣቱ ድምቀትም አሲዱ ምን ያህል እንደ ወረደ ለሐኪሙ ይነግረዋል። ችግሩ ከመጠኑ ላይ ነበር፤ 35 በመቶ አካባቢ ደኅና ሆኖ፣ ወደ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወጣ በመላው ፊት ላይ ራሱ ጠባሳ ያመጣል። ስለዚህ ብርታቱን ሳይጨምሩ ጥልቀቱን ለመጨመር ቆዳውን አስቀድሞ የማሳሳት ዘዴ ተፈለገ፦ ሃሮልድ ብሮዲ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደረቅ በረዶ የሚባለውን የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጋሪ ሞንሃይት በ1989 ደግሞ የጀስነርን ፈሳሽ ከቲሲኤ አስቀደሙ። ጀስነር ናዚዎች ከብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ያፈናቀሉት፣ ኋላም በኒውዮርክ የሠራ አይሁዳዊ የቆዳ ሐኪም ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ፈሳሽ 14 ግራም ሪዞርሲኖል፣ 14 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድና 14 ሚሊሊትር ላክቲክ አሲድ በአልኮል ተሟሙቶ 100 ሚሊሊትር የሚሆን ነው። እነዚህ መካከለኛ ልጣጮች ለቀለምና ለቀላል ጠባሳ ጠቅመዋል። ወደ ጥልቁ ጠባሳ ግን አልደረሱም።

ከአሲዱ ጎን ለጎን የሜካኒክ መንገድም ተሞክሮ ነበር፤ ጀርመናዊው ኧርንስት ክሮማየር በ1905 በሚሽከረከር የጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ የኒውዮርኩ አብነር ኩርቲን በ1953 በሽቦ ብሩሽ ቆዳን ፍቀዋል፣ በኋላም የሌዘር ብርሃን መጣ። ሁሉም የተመሠረቱት ግን በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጠባሳው ባለበት ፊት ላይ ያለውን ቆዳ ሁሉ ዝቅ ማድረግ። ጠባብና ጥልቅ ለሆነ ጠባሳ ይህ አንዲትን ጉድጓድ ለማጥፋት ማሳውን በሙሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል እንደ መቆፈር ነበር።

ነገሩ የተፈታው ጠባሳን ከጠባሳ መለየት ሲጀመር ነው። በ2001 ካሮሊን ጄኮብ፣ ጄፍሪ ዶቨርና ማይክል ካሚነር የብጉር ጠባሳን በሦስት መደቡት፤ አንደኛው አፉ ጠባብ ሆኖ እስከ ደርሚስ ግርጌ የሚወርደው አይስ ፒክ፣ ሁለተኛው ግድግዳው ቀጥ ያለና አፉ ሰፋ ያለው ቦክስካር፣ ሦስተኛው ከሥር በጅማት መሰል ገመድ ስለ ተያዘ ላዩ ሞገድ የሚሠራው ሮሊንግ ነው። በተከታዩ ዓመት በደቡብ ኮሪያ ጁንግ ቦክ ሊና ባልደረቦቹ ክሮስ በሚል አጭር ስም የታወቀውን ዘዴ አወጡ። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጫፉ የተሾለ እንጨት በመላው ፊት ላይ ቢቀባ ጥፋት በሚያደርስ 65 ወይም 100 በመቶ ቲሲኤ ይነከራል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ የእንጨቱም ጫፍ በጠባሳው ወለል ላይ ብቻ ይጫናል፣ በሰከንዶች ውስጥ ያቺ ነጥብ ስትነጣ ይነሣል። በዙሪያው ያለው ቆዳ ስላልተነካ ቁስሉ ፈጥኖ ይሽራል፣ በጠባሳው ውስጥ የተቀሰቀሰው ኮላጅን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይሞላዋል፤ ይኸው በየጊዜው ይደጋገማል። በ65 በመቶው ከታከሙት 33 ሰዎች 27ቱ፣ በ100 በመቶው ከታከሙት 32 ሰዎች 30ው ጥሩ መሻሻል ማሳየታቸው ተዘግቧል። ከቁጥሮቹ ይልቅ ክብደት ያለው ታካሚዎቹ በፊትዝፓትሪክ ደረጃ አራትና አምስት ላይ ያሉ፣ ማለትም ጥልቅ ልጣጭ ሲከለከላቸው የኖሩ ሰዎች መሆናቸው፣ የማይለቅ የቀለም መዛባትም አለመታየቱ ነው።

በማኪ ዘመን የተፈለገው ፊት ሊሸከመው የሚችል ብርቱ አሲድ ሲሆን፣ ኮሪያውያኑ ከዚያም የበረታውን ይዘው ቦታውን አጠበቡት። የዘዴው ወሰን ግን መታወቅ አለበት። ለአይስ ፒክ ጠባሳ የተሻለ ሲሆን፣ ከሥር ለተያዘው ሮሊንግ ጠባሳ አይበጅም፤ ለዚያ ኖርማንና ዴቪድ ኦረንትራይክ በ1995 የገለጹት፣ መርፌን በቆዳ ሥር አስገብቶ ማሠሪያውን የመቁረጥ ዘዴ ይመረጣል። አሲዱ ከጠባሳው አፍ ከፈሰሰ ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ንቁ ብጉር ባለበት ፊት ላይ መሥራትም፣ አዲስ ጠባሳ እየተጨመረ ስለሚሄድ፣ ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ረገድ ጥልቅ ጠባሳን ለመከላከል የተደረገው ትልቁ አስተዋጽኦ ከአሲድ የመጣ ሳይሆን፣ በ1982 በአሜሪካ ከተፈቀደው አይሶትሬቲኖይን ከተባለው የሚዋጥ መድኃኒት የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ፅንስን የሚጎዳ በመሆኑ በሐኪም ቁጥጥር ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከባድ ብጉርን ጠባሳ ሳይተክል በፊት ያስቆማል።

የምስጢር ቅመማው ንግድ ግን ከሎስ አንጀለስና ከማያሚ ቆዳ ላጮች ጋር አላበቃም። ዛሬ በኢንተርኔት ቲሲኤ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ ማን እንደሚቀባውና በምን ዓይነት ቆዳ ላይ እንደሚውል ሳይጠየቅ ይሸጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2024 ቲሲኤን፣ ግላይኮሊክ፣ ሳሊሲሊክና ላክቲክ አሲድን በከፍተኛ መጠን የያዙ የመላጫ ፈሳሾችን ያለ ባለሙያ ክትትል ማንም እንዳይገዛና እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል፤ ምክንያቱም ፈሳሾቹ ከባድ የቆዳ ቃጠሎ፣ እብጠት፣ የቀለም ለውጥና ጠባሳ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ነው። ጥልቅ የብጉር ጠባሳ ያለበት አንባቢም፣ በተለይ ቆዳው ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ፈሳሹን ከመፈለጉ አስቀድሞ የጠባሳውን ዓይነት የሚለይለትን የቆዳ ሐኪም ይፈልግ።